የእትዬ ዘሀራ በራድ

ባለፈው ማክሰኞ ሦስት እንቁላል ልቀቅል ተነስቼ ኩሽናውን ላቃጥለው ምንም አልቀረኝም።

ባለቤቴ ልጃችንን ልትጠይቅ ሀዋሳ ሄዳለች። ስትሄድ የሳምንት ወጥ ሠርታ፣ በየሳህኑ ከድና፣ ምድጃውን እንዳትነካ ብላኝ ነበር። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ምድጃ እንዳትነካ ሲባል ምን ያደርጋል? ይነካል። ውኃ ጣድኩ፣ እንቁላሎቹን ከተትኩ፣ ወዲያው መብራት ጠፋ። አዳማ ላይ መብራት ሲጠፋ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ ስለሌለ ወንበሬን ይዤ ግቢ ወጣሁና ከማንጎው ሥር ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩ የምለው ለክብሬ ነው፤ ተኝቻለሁ። መብራቱ እኔን ሳይቀሰቅስ መጣ። ውኃው ፈልቶ አለቀ፣ ድስቱ ጠቆረ፣ እንቁላሎቹ አንድ በአንድ እንደ ርችት ሲፈነዱ ነው የነቃሁት። አንደኛው ጣሪያው ላይ ተለጥፏል። እስካሁንም እዚያው ነው፤ መሰላል መውጣት ከተከለከልኩ ቆይቻለሁ።

ደርሼ በሩን ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ። ግማሹ የሶደሬ ፍል ውኃ፣ ግማሹ የተቃጠለ ጠጉር የሚመስል ሽታ ነው። ጤነኛ ሰው መስኮት ይከፍታል። እኔ ግን ድስቱን በጨርቅ ይዤ እንደ ሞኝ ቆሜ አሸተትኩት። ይህን ሽታ አውቀዋለሁ። በሰባት ዓመቴ፣ በእትዬ ዘሀራ በራድ ላይ፣ በገዛ እጄ የሠራሁት ሽታ ነው።

ያን ጊዜ አዳማን ናዝሬት ነበር የምንላት። ከባቡር ሐዲዱ ወዲህ፣ ዙሪያውን በቁልቋል በታጠረ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤት ነበር፤ አንዱ የኛ፣ ሌላው የእትዬ ዘሀራ። እትዬ ዘሀራ ከወሎ የመጡ ባልቴት ናቸው። በመንገድ በኩል ባለችው መስኮታቸው ጨው፣ ክብሪትና ላምባ ይሸጣሉ። አጠር፣ ወፈር ያሉ ሴት ናቸው፤ ሲስቁ ድምፅ አያወጡም፣ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ለረጅም ጊዜ ብርድ የሚይዛቸው ይመስለኝ ነበር። በናዝሬት ሙቀት።

የዚያ ዓመት መኸር ሲደርስ አባቴ የአንድ እህል ነጋዴ ጸሐፊ ሆኖ አርሲ ነገሌ ወረደ። ሥራው ስንዴ ሲመዘን ከሚዛኑ አጠገብ ቆሞ መጻፍ ነው። እናቴ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ከአልጋ ከወረድሽ እኔ የለሁበትም ብሏታል። ስለዚህ እኔ፣ ደምሴ፣ የቤቱ አንድ ልጅ፣ ሜዳ ላይ የተረሳ ዕቃ ሆንኩ። ያነሱኝ እትዬ ዘሀራ ናቸው። እናቴን አንቺ ተኝተሽ ውለጂ፣ ይሄን እኔ አበላዋለሁ አሏት። ይሄን ሲሉ በጣታቸው ያሳዩት ሆዴን ነበር። ሆዴ ያኔም ከእኔ ቀድሞ ነው ሰው ቤት የሚገባው።

ማብላቱ ግን እንዳሰቡት ቀላል አልነበረም። እኛ ክርስቲያን፣ እሳቸው ሙስሊም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ዳቦው፣ ሻዩ የጋራችን ነው፤ ሥጋ ሲመጣ ግን ድስት ከድስት፣ ጭልፋ ከጭልፋ ይለያል። እኛ የእነሱን እርድ አንበላም፣ እነሱም የኛን አይበሉም። በዚህ ማንም ማንንም አይቀየምም፤ እንዲያውም አንዱ የሌላውን ድስት እንደ ራሱ ድስት ይጠብቅለታል። ይህ ጥበቃ ሲፈርስ ነው ነገር የሚመጣው። እናቴ ከሰፈራችን ጥግ ስለነበሩ ሁለት ቤቶች ደጋግማ ነግራኛለች። ለሠርግ የተዋሱት ጭልፋ ተሳስቶ የማይገባበት ወጥ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ እነዚያ ሁለት ቤቶች ውኃ እንኳ አይቀባበሉም። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋን እንደ መርዶ ዝቅ ታደርገዋለች።

እትዬ ዘሀራ የሚያድግ ልጅ በሽሮ ብቻ አይቆምም ብለው ያገኙት መላ እንቁላል ነው። መጀመሪያ ቀን ሁለት እንቁላል በመዳፋቸው ይዘው አስረዱኝ። ‹‹እንቁላል ላይ ቢስሚላህም በስመ አብም አልተባለበትም፤ አልታረደማ። ያንተም ነው የኔም ነው።›› ችግሩ በምን ይቀቀል የሚለው ነበር። ድስታቸው የእነሱን ሥጋ አይቷል። አሰቡ አሰቡና ሰማያዊውን የሻይ በራድ አነሱ። አፉ ላይ ቀለሙ የተላጠ፣ ክዳኑ በሽቦ የታሰረ በራድ ነው፤ ከተገዛ ጀምሮ ከውኃና ከሻይ ቅጠል በቀር ያየው ነገር የለም።

በራዱ ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም በዚያ ሰሞን ብዙ አሰብኩበት። በመጨረሻ እናቴ ሆድ ውስጥ እንዳለው ልጅ ገና ያልተጠመቀ ነው ብዬ ተውኩት።

እንቁላሎቹን የምታመጣው በገበያ ቀን ከደራ በጭነት መኪና ተጭና የምትመጣ ሴትዮ ናት። ገለባ የሞላ ቅርጫቷን አስቀምጣ ‹‹ሀንቃቁ›› እያለች መስኮቱን ትመታለች። እትዬ ዘሀራ ወሎ ወሎ በሚል ኦሮምኛ ይከራከሯታል፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ከዚያ እንቁላሉን አንድ በአንድ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ነቅነቅ ያደርጉና ያዳምጣሉ። የሚጮኸው ይመለሳል፣ ዝም የሚለው ይወሰዳል። እኔም ተራዬን ጠብቄ በትልቅ ቁም ነገር አዳምጥ ነበር። እሳቸው ምን እንደሚሰሙ አላውቅም፤ እኔ የምሰማው የራሴን ጆሮ ነው። ቢሆንም ‹‹ይሄ ደህና ነው›› ብዬ እፈርድ ነበር።

የበራድ እንቁላል እንደ ድስት እንቁላል አይደለም። ውኃው ሲፈላ እንቁላሎቹ ከውስጥ ሆነው በራዱን ያንኳኳሉ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ፤ በር ላይ የቆመ እንግዳ ይመስላል። መጀመሪያ ቀን ስሰማው ጫጩቶቹ አውጡን እያሉ መሰለኝ። ክዳኑን ልከፍትላቸው ስል እንፋሎቱ ጣቴን ለበለበኝ። እትዬ ዘሀራ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ አንዱን ጥሬ እንቁላል ሰበሩና ነጩን ጣቴ ላይ ቀቡልኝ። ላድነው የሄድኩት ጫጩት መድኃኒት ሆኖልኝ ተመለሰ ማለት ነው። ያን ቀን እንቁላሉን እያለቀስኩ በላሁት፤ ግን በላሁት።

ሰዓት አልነበራቸውም። ሰዓታቸው እኔ ነበርኩ። ማንኳኳቱ ሲጀምር ከመስኮታቸው ሳይነሱ ‹‹ወፍጮ ቤት ደርሰህ ና›› ይሉኛል። ከግቢያችን እስከ ወፍጮ ቤቱ በር ሄዶ፣ በሩን ነክቶ፣ በእርጋታ መመለስ ለአንድ እንቁላል ልኩ ነው። ስመለስ በራዱን ያወርዳሉ፣ በአፉ በኩል ውኃውን ያፈሳሉ፣ አንዱን በቀዝቃዛ ውኃ ነክረው ይልጡና በቢላዋ ለሁለት ይከፍሉታል። ከዚያ አስኳሉን ወደ ብርሃን ያዙትና ያነባሉ።

ያነባሉ ያልኩት በምክንያት ነው። አስኳሉ መሐሉ ላይ ገና የሚያለቅስ ከሆነ ‹‹ጋሪ ላይ ተንጠልጥለህ ነው የተመለስከው›› ይሉኛል። እውነት ነው፤ ተንጠልጥያለሁ። ዙሪያው አረንጓዴ ቀለበት ሠርቶ፣ ሲነኩት የሚፈረፈር ከሆነ ‹‹ባቡር ስታይ ቆመሃል›› ይላሉ። እሱም እውነት ነው። አንድ ቀን ደግሞ ‹‹ዛሬ ከልጆች ጋር ተጣልተሃል፣ አሸንፈውሃልም›› አሉኝ። እኔ የሠራሁት ሁሉ እንቁላል ውስጥ ተጽፎ የሚመጣ መሰለኝ። ወፍጮ ቤት ስሄድ ማንም በሌለበት መንገድ እንኳ ሥርዓት ይዤ እሄድ ጀመር፤ እንቁላሉ ያየኛላ። ሱሪዬ ላይ የጋሪ ግራሶ፣ ግንባሬ ላይ እብጠት እንደነበረ ያስተዋልኩት ካደግሁ በኋላ ነው። ብልህ ልጅ አልነበርኩም፤ ማንም እንዲህ ብሎ ዋሽቶኝ አያውቅም።

ያ የተቃጠለ ሽታ የመጣው በኅዳር ነው። አንድ ረጅም የዕቃ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ፉርጎ ሲቀያይር ደረስኩ። አንዱ ፉርጎ ሌላውን ሲገጨው ድንጋጤው እስከ መጨረሻው ፉርጎ ድረስ እየተንኳኳ ይሄዳል። ያንን ስሰማ እንቁላል የሚባል ነገር ከጭንቅላቴ ወጣ። ስመለስ ግቢው በሽታ ታፍኗል። በራዱ ደርቆ ታቹ ጠቁሯል፣ እንቁላሎቹ ፈንድተው ክዳኑን ከፍተውታል። እትዬ ዘሀራ ደንበኛ ይዟቸው እኔን ሲጠብቁ ነው የተቃጠለው። ይመቱኛል ብዬ ቆምኩ። አሸዋና አመድ አምጥተው በራዱን ጎንበስ ብለው ሲፈትጉ ከቆዩ በኋላ ቀና ብለው ‹‹ዛሬስ ጅቡቲ ድረስ ሄደሃል›› አሉ። እኔም አሸዋ አቀብላቸው ጀመር።

በዚያው ወር መጨረሻ ወንድሜ ተወለደ። ያን ያህል ስንጠብቀው ቆይተን፣ ሲመጣ መናገርም መሮጥም የማይችል ሆኖ አገኘሁት። ቅር አለኝ። እትዬ ዘሀራ ለእናቴ ገንፎ እያገነፉ፣ አጥሚት እያፈሉ አረሷት። የገዛ እህቷ ደብረ ብርሃን ስለነበረች ወዲያው መድረስ አልቻለችም። እናቴ ‹‹እህትማ ግቢዬ ውስጥ አለችኝ›› ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አርባ ቀኑ ሲደርስ ጥር ገብቶ ነበር። አባቴ ከአርሲ ነገሌ አንድ ጆንያ ስንዴ ይዞ መጣ፤ አክስቴም ከደብረ ብርሃን ደረሰች። ክርስትናው ተደገሰ። በደንቡ ለሙስሊም ጎረቤት በግ ተሰጥቶ፣ ራሳቸው አርደው፣ በራሳቸው ድስት ሠርተው እንዲበሉ ይደረጋል። አባቴ አስቦበት ነበር፤ ያን ዓመት ግን እጁ አጥሮት አልሆነለትም። እናቴ በዚህ ነገር ሁለት ቀን ቤቱን ስታምስ ቆየች። ያን ሁሉ ወር ልጄን ያበላች፣ እኔን ያረሰች ሴት በድግሴ ቀን ጦሟን አትውልም አለች። ኋላ በራዱን እንዲያውሷት በእኔ ላከችባቸው፤ ምሳዎ ከእኔ ነው፣ ምድጃ እንዳያነዱ ብላ አስነገረችኝ።

በድግሱ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እናቴ ከደራዋ ሴትዮ ከተገዙት ሁሉ ትልልቆቹን ሦስት እንቁላሎች መርጣ በዚያው በራድ ቀቀለች። በራሷ እጅ ነው፤ አክስቴ እንኳ እንድትነካ አልፈቀደችም። ሳህን ላይ አደረገቻቸው፣ በወረቀት የተጠቀለለ ጨውና ሚጥሚጣ አስጠጋች፣ አንድ ሙልሙል ዳቦ ጨመረች፣ በነጭ ጨርቅ ሸፈነችና ለእኔ ሰጠችኝ። ቅርፊቱን እንዳልነካ አስጠነቀቀችኝ። እንቁላል ከቤት ቤት ሲሄድ ከነቅርፊቱ ነው፤ ያልተነካ መሆኑ የሚታወቀው በእሱ ነው።

ከበራችን እስከ በራቸው ሃያ እርምጃ ነው። እኔ ግን በኩሽናው ጀርባ ዞርኩ። ለምን እንደዞርኩ እግሬን ጠይቁት።

ልብ በሉ፣ ከንጋት ጀምሮ እህል በአፌ አልገባም። ደግሞስ የእንቁላሉን መብሰል የማረጋገጥ ሥራ የእኔ አልነበረም? ወፍጮ ቤት ሳልላክ የተቀቀለ እንቁላል ስለሆነ ጥርጣሬ ገባኝ። አንዱን ላጥኩና አየሁት። በስሏል። ሁለተኛውን የላጥኩት የመጀመሪያው በጣም ስለጣመኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት ልፈጥርለት አልችልም። ሦስተኛው ሳህን ላይ ብቻውን ሲቀር አሳዘነኝ። አንድ እንቁላል ለሰው ይዞ መሄድ ስድብ መሰለኝ። ስለዚህ በላሁት።

ከዚያ በእጄ ያለውን ቅርፊት አየሁ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ቅርፊቱን በእግሬ አፈር አለበስኩትና ማሰብ ጀመርኩ፤ ሳስብ ደግሞ የባሰ አደርጋለሁ። እንቁላል ላይ ቢስሚላህም በስመ አብም አልተባለም ብለውኛል። ኩሽና ውስጥ፣ በትልቁ ሸክላ ድስት፣ ዶሮ ወጡ ውስጥ፣ ስንትና ስንት እንቁላል አለ። ዶሮዋን አባቴ በስመ አብ ብሎ ባርኳታል፤ እንቁላሎቹን ግን ማንም አልባረካቸውም። ስለዚህ የማንም ናቸው። ይህን ብይን ሳገኝ ከደስታዬ ብዛት ሊቅ የሆንኩ መሰለኝ።

አክስቴ ቄሱን ልትቀበል ወጥታለች። ገባሁ፣ ጭልፋውን አነሳሁ፣ ሦስት አወጣሁ። ወጡ ውስጥ ሲገቡ ቅመሙ እንዲዘልቃቸው አራት አራት ቦታ በቢላዋ የተጫሩ ናቸው፤ ጭረቱ ውስጥ ቀይ ዘይት ተኝቷል። በርሜሉ ጋ ወስጄ አጠብኳቸው። አልለቅ አሉ። በልብስ ሳሙና አጠብኳቸው። ቀዩ ወደ ሮዝ ተለወጠ፤ ከዚያ በላይ ሳሙናውም እኔም አልቻልንም። ሳህኑ ላይ ደርድሬ፣ ጨርቁን መልሼ፣ ሃያዋን እርምጃ በቀጥታው መንገድ ሄድኩ።

እትዬ ዘሀራ አዲስ ሻሽ አስረው፣ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ምድጃቸው ቀዝቅዟል። እናቴ እንዳለቻቸው ምንም አላነደዱም። እጃቸውን ታጥበው ሳህኑን ተቀበሉኝ፣ ጨርቁን ገለጡ፣ ቆም አሉ።

‹‹ተልጧል እንዴ?››

‹‹እናቴ ናት የላጠችልዎት›› አልኩ። ‹‹ለክብርዎ።››

ውሸቱ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ተዘጋጅቶ አፌ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እትዬ ዘሀራ ሳህኑን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለሳህኑ እንደሚናገሩ ሆነው ‹‹በአርባ ቀኗ፣ ያን ሁሉ እንግዳ ትታ፣ ለኔ ብላ ተቀምጣ ትላጥ?›› አሉ። በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ነካ ነካ አደረጉ። እኔ የምቆምበት ጠፋኝ።

አንዱን እንቁላል አነሱና ወደ በሩ ብርሃን ያዙት። አሁን ያነቡታል ብዬ ጠበቅሁ። ያነቡት ዘንድም ፈለግሁ። የሠራሁትን ሁሉ እንደ ወትሮው እሳቸው ይንገሩኝና ይለቅልኝ። ጭረቶቹን በጣታቸው ዳሰሱ፤ ምን ሆኖ ነው አሉኝ። ሲላጥ ነው አልኩ።

‹‹ድካም ነው›› አሉ በሐዘኔታ። ‹‹እጇ ገና አልጠነከረም።››

አመኑኝ። ሥራዬን ሲያወጣብኝ የከረመው እንቁላል፣ ዛሬ እኔ የእናቴን ስም ስለጠራሁ ብቻ፣ ዝም አለ። ሁለቱ የሰፈራችን ጥግ ቤቶች ትዝ አሉኝ። ውኃ እንኳ አይቀባበሉም። እትዬ ዘሀራ እንቁላሉን ወደ አፋቸው አስጠጉና ‹‹ቢስሚላህ›› አሉ።

‹‹እትዬ፣ ይተዉት።››

‹‹ምኑን?››

‹‹ወጥ ውስጥ ነበር።››

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የኩሽናውን ጀርባ፣ ቅርፊቱን፣ ጭልፋውን፣ በርሜሉን፣ ሳሙናውን። ቄስ ፊት እንኳ እንደዚያ ቀን ተናዝዤ አላውቅም። እንቁላሉን ወደ ሳህኑ መለሱት። ተነሱ፣ እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ከእኛ ቤት እልልታ ይሰማል።

‹‹የመጀመሪያዎቹስ የት አሉ?›› አሉኝ።

በጣቴ ሆዴን አሳየኋቸው።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አስለቀስኳቸው ብዬ እኔም ጮክ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። ሲዞሩ ግን ዓይናቸው በሳቅ እርጥብ ነው፤ የሚስቁትን ያህል ደግሞ የተቆጡ ነበሩ። ያንን ሁለቱን ባንድ ፊት ላይ ከዚያ በኋላ አላየሁም።

‹‹ለማን ነገርክ?››

‹‹ለማንም።››

‹‹ለማንም አትነግርም። እናትህ ይህን ከሰማች ከኀፍረቷ ብዛት ዳግመኛ ደጄን አትረግጥም። እኔ አልበላሁም፤ አላህ በአንተው አፍ አስጣለኝ። ይሄ ግን እዚህ ቤት አያድርም፣ ወደ ድስቱም አይመለስም። ብላ።››

ጠግቤያለሁ አልኳቸው።

‹‹ስትጀምርስ ርቦህ ነበር? ብላ።››

በላሁ። የበርበሬና የልብስ ሳሙና ጣዕም አንድ ላይ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ካለ እኔን ይጠይቅ። አንደኛውን እንደምንም ዋጥኩት። ሁለተኛው ላይ ላብ አጠመቀኝ። እትዬ ዘሀራ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ሙልሙሉን እየቆረሱ እየበሉ፣ ‹‹አብሽር፣ አንድ ቀረህ›› ይሉኛል። ሦስተኛውን ስጨርስ ሳህኑን ራሳቸው አጠቡና ሰጡኝ። በራዱንም ከቤታችን እንዳመጣላቸው ነገሩኝ። ሳመጣው ሻይ ጥደው ዳቧቸውን በሻይ ጨረሱ። የክርስትናው ምሳቸው ያ ነበር።

ቤት ስገባ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። አክስቴ ለእንግዳው ሁሉ እንቁላል አዳርሳ ሦስት ጎድሎባታል። አንዱን ከራሷ ሳህን፣ አንዱን ከአባቴ ሳህን አንስታ አሟላች፤ ሦስተኛው ግን አልተገኘም። የወንድሜ የክርስትና አባት እንቁላል የሌለው ዶሮ ወጥ በላ። አክስቴ ከደብረ ብርሃን ድረስ መጥቼ ተዋረድኩ፣ እኔ ቆጥሬ ልሳሳት እያለች ጥግ ለጥግ ታጉረመርማለች። ከዚያ ወዲህ ዶሮ ወጥ በሠራች ቁጥር እንቁላሉን ሦስት ጊዜ ስትቆጥረው አይቻለሁ። አንድም ቀን አልነገርኳትም። ነፍሷን ይማር፤ ዛሬ ይህን ስጽፍ የሰማችኝ ይመስለኛል።

ፀሐይ ሲበርድ እንግዳው ተበተነ። እናቴ ወንድሜን ታቅፋ በራፍ ላይ ወጣች። እትዬ ዘሀራ መስኮታቸውን ሊከፍቱ ወጥተዋል። እኔ በሁለቱ መካከል፣ ስድስት እንቁላል በሆዴ ይዤ፣ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ። መቀመጥም አልቻልኩም።

‹‹እትዬ፣ እንቁላሉ እንዴት ነበር?›› አለች እናቴ።

እትዬ ዘሀራ አላዩኝም። ‹‹አንድም አልተረፈ፣ አስካል›› አሉ።

የእናቴ ፊት ሲበራ አየሁት። ሁለት ቀን ሙሉ ሲያምሳት የነበረው ነገር ከትከሻዋ ሲወርድ ይታያል። ለአባቴ አንድም አልተረፈም እኮ ብላ ወደ ቤት ጮኸች። በግ ብናርድ ይህን ያህል ደስ አይላትም ነበር። ወደ እትዬ ዘሀራ ተመልሳ ለጥምቀትም እንደምትልክላቸው ነገረቻቸው። ይሄ ልጅ ግን መንገድ ላይ የሚያየው ስለማያልቅበት በአክስቱ እጅ ይሆናል አለች።

እትዬ ዘሀራ አሁን አዩኝ። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ።

‹‹አይሆንም›› አሉ። ‹‹በደምሴ እጅ ላኪልኝ። በሌላ ሰው እጅ ከመጣ አልበላውም።››